በሙንዮንዮ ሆነን የተመለከትነው ሩጫ፤ የሲፋን ሐሰን ሕይወትና ሥራ

ከካምፓላ ከተማ በስተ ደቡብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ሙንዮንዮ የምትባል ስፍራ ትገኛለች። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህችን ስም የሚያውቃት ከሰማዕታት ታሪክ ነው። የቡጋንዳው ንጉሥ ምዋንጋ በ1886 ዓ.ም. ክርስቲያን በሆኑት የቤተ መንግሥት አገልጋዮቹ ላይ ሞት የፈረደው በዚህ ስፍራ ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ታስረው እስከ ናሙጎንጎ ድረስ በእግራቸው ተነዱ። ዛሬ በሙንዮንዮ ለመታሰቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ቆሞላቸዋል። ከዚያ ራቅ ብሎ ደግሞ የልዩ ልዩ መንግሥታት መልእክተኞች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ሆቴል አለ።

እኛም ለመንግሥት ሥራ ተልከን ወደዚያ በሄድን ጊዜ፣ እሑድ ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 11 ቀን 2024፣ ጉባኤው ዕረፍት ሆኖ ዋለ። (ሌሎቹን ዓመታት ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ማለዳ ከሰማዕታቱ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰን ስንመለስ፣ በሆቴሉ አዳራሽ ያለው ቴሌቪዥን የፓሪስን ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ማሳየት ሲጀምር ደረስን። ሰዓቱ በእኛ አቈጣጠር ከጧቱ 3 ሰዓት ነበር። ጾመ ፍልሰታ ስለ ነበረ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን ጓደኞቻችን ወተት የሌለበት ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸውም አንዲት በዕድሜ የገፉ የኡጋንዳ መንግሥት ባለሥልጣንና አንድ ሆላንዳዊ የውሃ መሐንዲስ ነበሩ።

ኡጋንዳዊቷ ወይዘሮ ያን ሰሞን ደስታቸው ብዙ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በፊት የአገራቸው ልጅ ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ሲያገኝ የእኛን በሪሁ አረጋዊን ሁለተኛ አድርጎታልና፣ በምሳ ሰዓትም በራት ሰዓትም ይህን ሳያነሡ አያልፉም። እኛም ታምራት ቶላ በዋዜማው የወንዶቹን ማራቶን አሸንፎልን ስለ ነበር መልስ አላጣንም። መሐንዲሱ ግን ሁላችንንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ «የቼፕቴጌይ አሠልጣኝ እኮ ሆላንዳዊ ነው» ብለው ሣቁ። እውነታቸውን ነው፤ ቼፕቴጌይን ያሠለጠነው አዲ ሩይተር የተባለ ሆላንዳዊ ነው። ከዚህ በኋላ ሯጮቹ በፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ፊት ተሰልፈው ሲታዩ፣ መሐንዲሱ ብርቱካናማ ልብስ የለበሰችውን ሴት በጣታቸው እያመለከቱ፣ «እነሆ የእኛ ሲፋን» አሉ።

ከጓደኞቻችን አንዱ የሻዩን ብርጭቆ አስቀምጦ፣ «የማን?» ሲል ጠየቀ።

ይህች አጭር ጥያቄ እስከ ሩጫው ፍጻሜ ድረስ የቈየ ክርክር አስነሣች። ክርክሩን እንደ ተራ ጨዋታ ልናልፈው አልቻልንም፤ ስለዚህ የሲፋን ሐሰንን ሕይወትና ሥራ፣ በዚያ ቀን የሰማነውንና ያየነውንም ጭምር፣ ለአንባብያን ለመጻፍ ወደድን።

ሲፋን ሐሰን በ1993 ዓ.ም. በአዳማ ተወለደች። ያደገችውም በእርሻ ቦታ፣ በእናቷና በአያቷ እጅ ነው። በ2008 ዓ.ም.፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አገሯን ትታ ብቻዋን ወደ ሆላንድ ሄደችና ጥገኝነት ጠየቀች። ያስወጣት ምክንያት ምን እንደ ሆነ በአደባባይ መናገር አትወድም፤ እኛም ሰው ሊናገረው ያልወደደውን መመርመር ከጨዋነት አንቈጥረውም።

የ15 ዓመት ልጅ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ልጆች ያሉት ሰው ያውቀዋል። በእኛ ቤት በዚያ ዕድሜ ያለች ልጅ ከመሸ ወደ ሱቅ ብቻዋን አትላክም። «ስደት» የሚለው ቃል በአማርኛና በትግርኛ አንድ ነው፤ እንደ እኛ አማርኛን በትምህርት ቤት ተቀምጦ የተማረ ሰው ብዙውን ቃል እያጠና ይይዛል፣ ይህን ግን ማንም አላስጠናንም፤ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ቃል ነበር።

መሐንዲሱ እንዳስረዱን፣ በሆላንድ ሕግ ወላጅ ሳይከተለው የመጣ ልጅ ሞግዚት ይቆምለታል፤ ትምህርት ቤትም ይገባል። ይህ መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሞግዚት እናት አይደለም፤ ሲፋን ራስዋ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ታለቅስ እንደ ነበር ከጊዜ በኋላ ተናግራለች። ቋንቋውን ተማረች፤ ከዚያም ነርስ ለመሆን ትምህርት ጀመረች። ሩጫን የያዘችው በትምህርቷ ጐን ነው። በ2011 ዓ.ም. በአይንድሆቨን ከተማ የግማሽ ማራቶን ውድድር ገብታ በ1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ10 ሰኮንድ አሸነፈች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 18 ዓመት ነበር።

አይንድሆቨን የፊሊፕስ የኤሌክትሪክ አምፑል ፋብሪካ የተቋቋመባት ከተማ ናት። መሐንዲሱም የዚያው ተወላጅ ናቸውና፣ ስለ ከተማቸው ሲነሣ ስለ ሪክ ስሚትስ ሳይነግሩን አልቀሩም። ስሚትስ በ1966 ዓ.ም. በአይንድሆቨን የተወለደ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲሜትር የሆነ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ከተማረ በኋላ በ1988 ዓ.ም. የኢንዲያና ቡድን ወሰደው፤ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስም 12 ዓመት ለዚያው ቡድን ብቻ ተጫወተ። መሐንዲሱ ይህን የነገሩን ያለ ምክንያት አልነበረም። «ስሚትስ ከአይንድሆቨን ወጣ፤ ሲፋን ወደ አይንድሆቨን መጣች። እኛ ስሚትስን ከዳን አላልነውም፤ እናንተስ በሲፋን ለምን ትቈጣላችሁ?» አሉ።

ጓደኛችንም፣ «የእናንተ ሰው የሄደው ጐልምሶ፣ የሚሄድበትን አውቆ ነው፤ የእኛዋ ግን ልጅ ነበረች። የምቈጣው በእርሷ አይደለም» ሲል መለሰ። በማን እንደሚቈጣ ግን አልተናገረም፤ መሐንዲሱም አልጠየቁትም።

ሲፋን የሆላንድን ዜግነት ያገኘችው በኖቬምበር 2013 ነው። በሚከተለው ወር በቤልግሬድ ላይ የአውሮፓ ወጣቶችን የአገር አቋራጭ ሩጫ አሸነፈች፤ በ2014 ዓ.ም. በዙሪክ የአውሮፓ የ1,500 ሜትር ባለ ወርቅ ሆነች። በ2015 ዓ.ም. በቤይጂንግ የዓለም ሻምፒዮና ገንዘቤ ዲባባ በአንደኛነት በፈጸመችው የ1,500 ሜትር ሩጫ ሦስተኛ ወጣች፤ በ2016 ዓ.ም. በፖርትላንድ የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ደግሞ ዳዊት ሥዩምንና ጉዳፍ ጸጋይን አስከትላ አሸነፈች።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ኦሬገን ሄዳ አልቤርቶ ሳላዛር ከሚባለው አሠልጣኝ ዘንድ ገባች። በ2019 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና በዶሃ በሚደረግበት ሰሞን፣ ይህ ሰው የስፖርት መድኃኒትን ሕግ በመተላለፍ ለ4 ዓመት ከሥራው ታገደ። እርሷን የከሰሳት አልነበረም፤ ነገር ግን ጋዜጠኞች በየደረሰችበት የሚጠይቋት ስለ እርሱ ብቻ ሆነ። ሲፋንም በዚያው ሻምፒዮና በ10,000 ሜትርም በ1,500 ሜትርም አሸነፈች። ከእርሷ በፊት በአንድ ሻምፒዮና እነዚህን ሁለት ርቀቶች ያሸነፈ ወንድም ሴትም አልነበረም። የመምህር ጥፋት በደቀ መዝሙር ላይ ሊቈጠር አይገባም ብለን እናምናለን፤ ሆኖም በዚያ ዓመት ደስታዋ ሙሉ እንዳልነበረ ፊቷን ያየ ሁሉ ያስታውሳል።

አሁን ስለ ሄንግሎ ጥቂት እንናገር። ሄንግሎ በሆላንድ ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሩጫ ሜዳዋም በፋኒ ብላንከርስ ኩን ስም ተሰይሟል። ፋኒ በ1948 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ፣ የ30 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ሳለች፣ 4 የወርቅ ሜዳልያ ያገኘች ሆላንዳዊት ናት። የሁለት ልጆች እናት ቤቷ መቀመጥ አለባት የሚሉ ሰዎች በዚያም አገር ነበሩ። ሄንግሎ ለእኛም ባዕድ ከተማ አይደለችም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. የ5,000 ሜትርን፣ በ1995ና በ1998 ዓ.ም. የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያ ነው፤ ቀነኒሳ በቀለም በ2004 ዓ.ም. የ5,000 ሜትርን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያው ሜዳ ነው። ስለዚህ ሲፋን ከመሄዷ በፊትም የእኛ ሯጮችና የሆላንድ ሰዎች በሩጫ ጉዳይ የቈየ ዝምድና ነበራቸው።

በዚህ ሜዳ ላይ ጁን 6 ቀን 2021 ሲፋን የ10,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ6 ሰኮንድ ከ82 ሰበረች። ክብረ ወሰኑ ግን በእጇ የቈየው 2 ቀን ብቻ ነው። ጁን 8 ቀን ኢትዮጵያ ለቶክዮ ኦሊምፒክ የምታሰልፋቸውን ሯጮች የመረጠችው በዚያው በሄንግሎ ነበርና፣ ለተሰንበት ግደይ በ29 ደቂቃ ከ1 ሰኮንድ ከ3 ገብታ ወሰደችው። ለተሰንበት የትግራይ ልጅ ናት፤ በዚያ ወራት አገሯ በጦርነት ውስጥ ነበረች። ያን ዜና በሰማን ሌሊት የተሰማንን ለመጻፍ ቃል አጥተን ነበር፤ አሁንም አላገኘንም።

ሁለቱ እንደ ገና የተገናኙት በቶክዮ ነው። ኦገስት 2 ቀን ጧት ሲፋን በ1,500 ሜትር ማጣሪያ ላይ የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ከሌላ ሯጭ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። ተነሥታ ሁሉን ደረሰችባቸው፤ ማጣሪያውንም አንደኛ ሆና ፈጸመች። በዚያው ቀን ማታ በ5,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። በ4ኛው ቀን በ1,500 ሜትር ሦስተኛ ሆነች፤ በማግሥቱም የ10,000 ሜትር ሩጫ ተደረገ። ለተሰንበት አብዛኛውን መንገድ እየመራች ሄደች፤ በመጨረሻው ግን ሲፋን አለፈቻት፤ ለባሕሬን የምትሮጠው ቃልኪዳን ገዛኸኝም አለፈቻት። የወርቁ፣ የብሩና የነሐሱ ሜዳልያ ሲሰጥ ሦስቱም ባለ ሜዳልያዎች በኢትዮጵያ የተወለዱ ነበሩ፤ የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ ግን የሦስት መንግሥታት ነበር። ጓደኛችን በሙንዮንዮ ደጋግሞ ያነሣው የነበረው ይህንኑ ነው።

በ2023 ዓ.ም. በቡዳፔስት በ10,000 ሜትር ከጉዳፍ ጸጋይ ጋር እየተፋለመች ሳለ መጨረሻው ጥቂት ሜትር ሲቀረው ወደቀችና 11ኛ ሆነች። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ግን በለንደን የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጣ ነበር። ዝግጅቷ ከረመዳን ጾም ጋር ተገጣጥሞባት ነበር። በሩጫው መካከል ወገቧን አሟት ከመንገድ ዳር ቆመች፤ እግሯን ዘርግታ አፍታታች፤ ሌሎቹም ርቀዋት ሄዱ። ተከትላ ደረሰችባቸው፤ ውሃ ለማንሣት ወደ ማዶ ስትሻገር ሞተር ብስክሌት ሊገጫት ምንም አልቀረውም። በመጨረሻም ዓለሙ መገርቱን በ4 ሰኮንድ ቀድማ በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ33 ሰኮንድ አሸነፈች። እንዲህ ያለ ሩጫ በልብ ወለድ ቢጻፍ አንባቢ አያምነውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ሙንዮንዮው አዳራሽ እንመለስ። የፓሪሱ ማራቶን መንገድ በ1789 ዓ.ም. የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ጠይቀው እስከ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት የሄዱበትን ጉዞ እንዲያስታውስ የተቀየሰ ነው፤ ዳገቱም ብርቱ ነው። ሲፋን በዚያው ሳምንት ውስጥ በ5,000 ሜትርና በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ አግኝታለች፤ ሁለተኛውን የሮጠችው ዓርብ ማታ ነው፤ እሑድ ጧት ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ልትሮጥ ቆመች። ከማጣሪያው ጋር ቢደመር በኦሊምፒኩ የሮጠችው ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ኦሊምፒክ በእነዚህ ሦስት ርቀቶች ሁሉ ሜዳልያ ያገኘ ከእርሷ በፊት በ1952 ዓ.ም. የቼኮስሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ ብቻ ነበር።

ዳገቱ ካለቀ በኋላም ከፊት ያሉት እየተቀነሱ ሄደው አምስት ሴቶች ቀሩ፤ እነርሱም ትዕግሥት አሰፋ፣ አማኔ በሪሶ፣ ኬንያዊቷ ሔለን ኦቢሪ፣ ሌላዋ ኬንያዊት ሻሮን ሎኬዲና ሲፋን ነበሩ። ሲፋን ሁልጊዜ ከኋላ ነበረች። ትዕግሥት ያን ጊዜ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰኮንድ የዓለም የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት ነበረች፤ በ2016 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የተሰለፈች ሴት ናትና የመጨረሻ ፍጥነት አይጐድላትም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተዝናንተው ነበር። ኡጋንዳዊቷ ወይዘሮ ብቻ ከኋላ የቀሩትን የአገራቸውን ሴቶች በስክሪኑ ላይ ሲፈልጉ ቈዩ።

መፈጸሚያው ሊደርስ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ሁለቱ ብቻ ተነጠሉ። በመታጠፊያው ላይ ትዕግሥት የውስጡን መንገድ ዘጋች፤ ሲፋን ግን በአጥሩና በእርሷ መካከል ሰንጥቃ አለፈች፤ ክንዳቸውም ተገፋፋ። አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳናውቀው ተነሥተን ቆምን። ሲፋን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰኮንድ ገባች፤ ይህም የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ትዕግሥት በ3 ሰኮንድ ተቀደመች፤ ሔለን ኦቢሪ ሦስተኛ ሆነች።

መሐንዲሱ አልጮኹም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ አየናቸው። ጓደኛችን ግን፣ «ገፍታታለች!» አለ። የኢትዮጵያ ቡድንም እንዲሁ አቤቱታ አቀረበ፤ ዳኞቹ ግን አልተቀበሉትም። እኛ ያንን መታጠፊያ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ መላልሰን ተመልክተነዋል። በእኛ አስተያየት መንገድ መዝጋቱም በክንድ መገፋፋቱም ከሁለቱም ወገን ነበር፤ ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠባብ ቦታ ሲገናኙ ከዚህ የተለየ ነገር መጠበቅም ያስቸግራል። ይህን በመጻፋችን የሚቀየመን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን።

ወይዘሮዋ ሲፈልጓቸው ከነበሩት የኡጋንዳ ሯጮች አንዷ ሬቤካ ቼፕቴጌይ ነበረች፤ 44ኛ ሆና ፈጸመች። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ቀድሞ አብሯት የኖረ ሰው በኬንያ በሚገኘው ቤቷ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጠላት፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 2024 በኤልዶሬት ሆስፒታል ሞተች። ዜናውን የሰማነው አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ነው። ለወይዘሮዋ የኀዘን ደብዳቤ ጻፍንላቸው፤ እርሳቸውም፣ በዚያ ጧት በቴሌቪዥኑ ላይ ለአንድ አፍታ አይቻት ነበር ሲሉ መለሱልን።

በዚያው እሑድ ማታ የኦሊምፒኩ መዝጊያ በዓል ሲደረግ፣ የሴቶቹ ማራቶን ሜዳልያ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተሰጠ። ሲፋን ራሷን ተከናንባ በአንደኛው ደረጃ ላይ ቆመች፤ ትዕግሥት በሁለተኛው። የሆላንድ መዝሙር ተዘመረ። ጓደኛችን እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሲመለከት ቈየና፣ «እናቷ ይህን አይታ ይሆን?» አለ። የሚመልስለት አልነበረም። መሐንዲሱ ግን ተነሥተው ለሁላችንም ሻይ አዘዙ፤ ለጾመኞቹ ያለ ወተት እንዲሆን አስተናጋጁን ሁለት ጊዜ ሲያስጠነቅቁ ሰማን።

ያ ዓመት ሳይፈጸም ሲፋን የ2024 ዓ.ም. የዓለም ምርጥ ሴት ሯጭ ተብላ ተሸለመች። ኤፕሪል 27 ቀን 2025 ሁለቱ ሴቶች በለንደን ማራቶን እንደ ገና ተገናኙ። ትዕግሥት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሰኮንድ አሸነፈች፤ ሲፋን በ3 ደቂቃ ያህል ተቀድማ ሦስተኛ ሆነች። በዚያው ቀን መሐንዲሱ ከሙንዮንዮ ጀምሮ ወዳጅ ለሆነው ጓደኛችን፣ «ስለ እናንተ ትዕግሥት እንኳን ደስ አላችሁ» ሲሉ በስልክ ጻፉለት። ጓደኛችንም፣ «እናመሰግናለን፤ ስለ ሦስተኛይቱም እንኳን ደስ አላችሁ በሉን» ብሎ መለሰላቸው።

ኦገስት 31 ቀን 2025 ሲፋን በሲድኒ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ22 ሰኮንድ አሸነፈች። ያን ቀን ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደ ጻፈ ጓደኛችንን ብንጠይቀው፣ ሣቅ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ።